ብርሃን ይገፋል ያልኩት ስለ ሸራው ነው

ውድ ዶርቃ፣

ስልክ አታነሺም፤ በድምፅ የላክሁልሽንም አልከፈትሽውም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ወረቀት ላይ ቢያንስ ማንም መሀል ገብቶ አያቋርጠኝም።

ጋርዴና ያለው የመንኩራኩር ወርክሾፕ በቋሚነት ሲቀጥርሽ የጸሎት መሪያችን እትዬ ሮማን፣ «ሥርጉት፣ ወጥተሽ መስክሪ እንጂ፤ ጌታ ሲሠራ ዝም ይባላል?» አሉኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምስጋና ሰዓት ሰው ሁሉ «ልጄ ሥራ አገኘች» ብሎ ይቀመጣል፤ ሥራው ምን እንደሆነ የሚናገር የለም። እኔ መናገር ፈለግኩ። ልጄ በብርሃን ብቻ ለሚሄድ መንኩራኩር ሸራ ትሠራለች ልል ነበር።

የቺፕስ ላስቲኩን ከቦርሳዬ ያወጣሁት ለዚያ ነው። ውስጡ መስተዋት ይመስላል፤ አጥቤ ገልብጬ ይዤው ነበር። ፊት የተቀመጡት ልጆች ይስቃሉ ብዬ አላሰብኩም። «ሸራው ይህን ይመስላል፤ ከዚህም እጅግ የሳሳ ነው። ብርሃን ይገፋል፤ ሲያርፍበት ይገፋዋል» አልኩ። ቀጥዬ፣ ጥቁር ቢሆን ብርሃኑን ውጦ እንደሚያስቀር፣ መስተዋት ሲሆን ግን መልሶ ስለሚወረውረው ግፊቱ እጥፍ እንደሚሆን ልናገር ነበር። እዚያ ሳልደርስ ፓስተር እንዳሻው ማይኩን ተቀበሉኝ።

«ሰምታችኋል ቅዱሳን? ብርሃን ይገፋል። ጨለማን ይገፋል!»

ኪቦርዱ ጀመረ። ሰዉ አሜን አለ። እኔ ላስቲኬን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔም አሜን የምል ሰው ነኝ፤ በእምነቴ አልቀልድም። ያን ጊዜ ግን የማወራው በመስኮት ስለሚገባው፣ መጋረጃ ስለሚያደበዝዘው ብርሃን ነበር።

ከዚያ ፓርኪንግ ላይ አንቺ።

«ማሚ፣ ሥራዬን ስብከት አደረግሽው እኮ።»

«እኔ ነኝ? ፓስተሩ ናቸው እንጂ።»

«ኦኬ፣ ግን የቺፕስ ላስቲክ? ሲሪየስሊ?»

«የእናንተን ሸራ መቼ አሳየሽኝ?»

«ባሳይሽም አይገባሽም። ዝም ብለሽ ጸልዪልኝ።»

የመኪናሽን በር ዘግተሽ በርባንክ ወዳለው ቤትሽ ነዳሽ። የልጆቹ ሳቅ አልቆየብኝም። ያቺ «አይገባሽም» ግን እስከ ዛሬ ታበሳጨኛለች። ጸሎት የምትፈልጊ ከሆነ እትዬ ሮማን አሉልሽ፤ ከእኔ ይሻላሉ።

መጀመሪያ ብርሃኑ ሸራውን እንደ ነፋስ የሚገፋው ነበር የመሰለኝ፤ እውነት ነው። ጎረቤት የጣለውን መጽሔት አነበብኩ፤ ግማሹ ገጽ የለም። ፌርፋክስ በምሠራበት ሱቅ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ቪዲዮ እያቆምኩ እያስኬድኩ አየሁ። ባለሱቁ ግሩም፣ «ሥርጉት፣ ሰው ቆሟል፤ ማርስ ላይ ደንበኛ የለንም» ይለኛል። በዚህ ሁሉ መሀል ገባኝ። እጄን ፀሐይ ላይ ስዘረጋ የሚያርፍበት ግፊት ከአንዲት የጨው ቅንጣት ክብደት ያንሳል። እዚያ ላይ፣ ጠፈር ውስጥ፣ ግን ሸራውን የሚይዘው አየር የለም፤ ግፊቱም አያቋርጥም። ስለዚህ ቀስ እያለ ይፈጥናል፤ ነዳጅ አልቆበት አይቆምም። ይህን ማንም አላስረዳኝም፤ ሥራዋ ይኸው የሆነ ልጅ ግን አለችኝ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ሸራው ዘንበል ቢደረግ ወደ ፀሐይ መቅረብም ይችላል ይላሉ። እንዴት? የፀሐይ ብርሃን ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። የሚገፋ ነገር እንዴት ወደ ራሱ ያመጣል? ቪዲዮው «ፀሐይን ሲዞር ፍጥነቱን ይቀንሰዋል» ብሎ ያልፋል። ብርቱካን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጬ ፀሐይ ናት አልኩ። ላስቲኩን በዙሪያዋ እያዞርኩ፣ እንዲህም እንዲያም እያዘነበልኩ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ተናድጄ ላስቲኩን ጨምድጄ ጣልኩት፤ ከዚያ ደግሞ አንስቼ በእጄ ተኮስኩት።

ምሳሌ የምናገር እንዳይመስልሽ። ምሳሌ ሰልችቶኛል። የምጠይቅሽ ስለ ሸራው ነው።

እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ብርቱካኗ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ አልበላኋትም። ይቅርታ በይኝ ብዬ አልጠራሁሽም፤ ልታረቅሽም አይደለም። ላስቲኩን በየት በኩል እንደማዘነብለው አሳይተሽኝ ትሄጃለሽ።

እናትሽ ሥርጉት