የሚወድቁ ሰዎች መጫወቻ

ሰኞ

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ደጄን መታች። ማሽላ ነበረኝ። ሳልከፍት «የለም፣ እለፊ» አልኳት።

ዛሬ ይህን የቀሰቀሰብኝ የማይረባ መጫወቻ ነው። በእጄ ያደገው የእህቴ ልጅ ሰይድ አሁን የአሰብ ከባድ መኪና ረዳት ነው። መዳፍ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ ነገር ይዞልኝ መጣ። በመስታወቷ ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ከገደል ይወድቃሉ፤ ከታች በታንኳ ትቀልቢያቸዋለሽ። ሦስት ካመለጡሽ አበቃ።

«አክስቴ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ታጫውትሻለች።»

አንዱ አመለጠኝ። ጢጥ አለች። ሰይድ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከእጄ አስቀመጥኳት።

ማክሰኞ

ሰይድ በሌሊት ሄደ። መጫወቻዋን ወደ ቀበሌው ንባብ ክፍል ይዣት ብሄድ፣ ኃላፊው መምህር ግርማ አይቷት ጓጓ። ለግድግዳ ጋዜጣ ሁለታችንም እንጻፍባት አለ። እሱ እዚያው ጻፈ፦ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ባትሪ፣ ባዳንሽ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ካልተነካች ለብቻዋ ትጫወታለች። ያነበበው ሁሉ መጫወት ይችላል። ግን የሚወድቁትን «ምልክቶች» ይላቸዋል። ምልክቶች! ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ገማ ዓሣ ሆነ።

ረቡዕ

የኔን ጽሑፍ ወሰድኩለት። እጄ እንዴት እንዳላበው፣ ደጄ ላይ ስለቆመችውም ጽፌያለሁ። የማን ደጅ እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ፈሪ።

«እትየ ሐዋ፣ ይሄኮ ስለ ሰው ነው፤ ስለ መጫወቻዋ የታለ?»

«የተጫወትኳት ሰው አይደለሁ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድርቁን አውጪው። ጓዶቹ ያነባሉ።»

አውጥቼ አነበብኩት። እንደ ታጠበ ድስት፣ ምንም የለበትም። አስጠላኝ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ መደርደሪያ ላይ ያለችውን ዞር ብዬ ባያት፣ ማንም ሳይነካት ሰዎቹ ይወድቃሉ። ታንኳዋም ባዶዋን ትመላለሳለች። ባትሪዎቹን ነቅዬ ጣልኩ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ግድግዳው ላይ የመምህሩ ብቻ ተለጠፈ። የኔን እንዳይለጥፈው ከለከልኩ።

ግን የሱም ጽሑፍ አልለቀቀኝም። ባዳንሽ ቁጥር ይፈጥናል፤ እንግዲህ መጫወቻዋ የተሠራችው አንዱ ማምለጡ እንዳይቀር ነው። ለሷ ይሁን። እኔ ደጅ የመጣችው አንዲት ነበረች። አልፈጠነችም። ቆማ ጠበቀች።

ድርቁን መልሼ አስገባሁ። ደጁም የኔ መሆኑን ጻፍኩ።

ሰይድ ከአሰብ ሲመለስ እነዚህን ወረቀቶች የምሰጠው ለሱ ነው። ከዚያ በኋላ አክስቴ ይበለኝ አይበለኝ አላህ ያውቃል። ያንን ማሽላ የበላነው እኔና እሱ ነን።