የሽመልስ የመጨረሻ ግምት

ሽሜ፣ የቤቲ አባት፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ምን ብዬ እጽፍልሃለሁ? የምፈልገውን ከጓዳ ሆኜ እጮህብህ ነበር፤ አንተም እንዳልሰማ ትሆን ነበር። አሁን ግን ሳልነግርህ ብቀር እንቅልፍ የማይሰጠኝ ነገር አለ። በስምህ ያደረግኩት ነገር ነው፤ ጥሩ ነገርም አይደለም። እስኪ ዛሬ እንኳ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። የጆበርጉ ሰፈራችን ሮዘተንቪል ያው ሮዘተንቪል ነው። ሱቁን ሦስት ወር ዘግቼው ቆየሁና ከፈትኩት። መጋረጃውን ወደ ፊት አምጥቼ ብርድ ልብሱን ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ፤ አንተ ብትኖር ሞቼ ነው ቆሜ ትለኝ ነበር። ወንበርህን ግን ከቦታዋ አላነሳኋትም። ደንበኞች እስከ ዛሬ እየመጡ ማይ ፍሬንድ የት ሄደ ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን በተጠየቅኩ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝ ስለነበር፣ አጠገባችን መጋረጃ የምትሰፋው ማማ ሊንዲዌ ከማሽኗ ብድግ ብላ በዙሉኛ ትመልስልኝ ነበር። ምን እንደምትላቸው አላውቅም፤ ሰዎቹ ግን እጄን ጨብጠው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ነገሬ ግምትህ ነው።

መቼም ያንተ ግምት! ቤቲን አርግዤ ወንድ ነው ብለህ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ገዝተህ መጣህ። ሐኪሟ ሴት ናት ስትለን እንኳ መሣሪያው ተሳስቶ ነው አልክ። መብራት መጥፋቱ እስከ ፋሲካ ያበቃል፣ ባትሪ ምን ያደርግልናል ብለህ ፋሲካን በሻማ አስፈሰክኸን። የጀርሚስተኑ ጓደኛህ አበራ፣ መንገድ ሲጠፋኝ ለሽመልስ ደውዬ ግራ ካለኝ ወደ ቀኝ ነው የምታጠፈው እያለ ሰዉን ሁሉ ያስቅብህ ነበር። አንተ ግን መቼ ትቀየማለህ! አብረህ ትስቅና በማግስቱ ሌላ ግምት ይዘህ ትመጣለህ።

የመጨረሻው ግምትህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ምድብ ነበር። ቤቲ ብሉምፎንቴይን ሄዳ የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ከሆነች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረህም። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሊግ ምድቦቹን አፍርሶ እንደ አዲስ ሊደለድል ነው ተባለ። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የቤቲ ዩኒቨርሲቲ ከጆበርግና ከፕሪቶሪያ ጋር ይሆናል የሚል አለ፤ ከደርባንና ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ይጣላል የሚልም አለ። ለሌላው ሰው ወሬ ነው። ለአንተ ግን ልጅህን ማየትና አለማየት ነበር፤ ምክንያቱም ጨዋታቸው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፣ ሱቅህን ቅዳሜ ዘግተህ አታውቅም። የጆበርግ ምድብ ከሆነ እዚሁ እየመጣች ትጫወታለች።

ባንኮው ላይ የመጋረጃ ቀለበት ትደረድር ነበር። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሄን ከዚያ ታነሳለህ፣ ያንን ወደዚህ ትገፋለህ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅህ አንዴ ቆይ ትለዋለህ። ከዚያ ደብተርህ ላይ ትጽፍና ለአበራ ደውለህ ስትጨቃጨቅ ትውላለህ። እኔ ጆሮ ሰጥቼህ አላውቅም። ቀለበቱ ጎደለብኝ እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። አፈር በበላሁ!

ስትጫወት አብረን ያየናት አንዴ ብቻ ነው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለወዳጅነት ጨዋታ እዚህ የመጡ ቀን። ኳሷ ወደ ጎሉ በቀረበች ቁጥር ተነስተህ፣ ውጪ በረኛዬ፣ ውጪ፣ እያልክ በአማርኛ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጩኸትህ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፤ እሷ ወጥታ ኳሱን ከያዘች በኋላ ነው ውጪ የምትለው። አፍሬብህ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዛሬ ያቺ ሁለት ረድፍ ታንገበግበኛለች።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ። ጠዋት የሱቁን በር ወደ ላይ እየገፋህ ሳለ ወደቅክ። ሐኪም ቤት ስንደርስ አልቆ ነበር። ቤቲ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ ኬፕታውን ነበረች፤ እስከ ዓርብ አትመለስም። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና እንደ ወጉ ይሁን አሉ። ልጅ በስልክ መርዶ አይነገራትም፣ ብቻዋን በሰው አገር ምን ትሆናለች፣ ትምጣና ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰው ከቧት ትስማ፣ ቀብሩም ያን ዕለት ይሁን አሉ። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ ተነገረ። እኔም እሺ አልኩ። አእምሮ ነበረኝ እንዴ ያን ጊዜ?

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ መሐል ተቀምጬ ስልክህ ጭኔ ላይ ጮኸ። ቤቲ ናት። እናንተ እንደምትጻጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አባዬ የመጨረሻ ግምቴን ነገ እነግርሻለሁ ብለህ ነበር፣ እየጠበቅኩ ነው ይላል። ስልኩን ደፍቼ ያዝኩት። ደገመች። አባዬ ደህና ነህ አለች። መቼም አንተ ለእሷ ደቂቃ ዘግይተህ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ እንዳትደነግጥ መልሺላት አሉኝ።

መለስኩላት ሽሜ። አንተን ሆኜ። ስልኩ ድምፅ አበላሽቶብኛል፣ በጽሑፍ እናውራ አልኳት። ግምቱን ስትጠይቀኝ ምን አውቃለሁ? የራሴን ምኞት ጻፍኩት። ጆበርግ ትመጫለሽ፣ ቤትሽ ትጫወቻለሽ፣ አባትሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል አልኳት። አንተ ሬሳ ክፍል ተኝተህ፣ እኔ አባትሽ ይጠብቅሻል ብዬ ጻፍኩ። እጄ እንዴት እንዳልደረቀ እንጃ።

እስከ ዓርብ ቀጠልኩ። ረቡዕ ሦስት ኳስ ያዳነችበትን ቪዲዮ ላከችልህ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አየሁትና ጎበዝ በረኛዬ ብዬ መለስኩ። ከውጭ ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ። እሷ የሚስቅ ፊት ላከችልኝ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰማች። ምን እንደሆነች አልነግርህም፤ አንተ ያንን ማወቅ የለብህም። ብቻ ስታገግም የያዘችው ያንን መልእክት ነው። የስልኳ ፊት ላይ አደረገችው። የአባቴ የመጨረሻ ቃል ነው፣ ጆበርግ ትመጫለሽ ብሎኛል እያለች ለጓደኞቿ ሁሉ ታሳያለች። እኔ በላዩ ላይ ምን ልበል? ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመት ሞላኝ።

ሙት ዓመትህን ባወጣንበት ሳምንት ምድቡ ወጣ። ደርባን። የባሕር ዳርቻው ምድብ። ቤቲ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ እየሳቀች፣ አባዬ እስከ መጨረሻው ቀን ሳተ አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። አበራ ብቻ አልሳቀም። እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና፣ ሰኞ ማታ በስልክ የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው አለኝ፣ ሽመልስ ደርባን ነው ብሎ ምሎብኛል አለኝ።

ወደ ሱቅ ሄድኩ። ስንት ፈልጌ ያንን ደብተር ከባንኮው ሥር፣ ከመጋረጃ ዘንጎቹ ጀርባ አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርባን ካለበት ምድብ ውስጥ የቤቲን ዩኒቨርሲቲ ጽፈህ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ከሥሩ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈትህ እንዲህ ይላል፦ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ከፓርክ ስቴሽን። ሰብለም ትምጣ። ሱቁ ይዘጋ።

እኔን ሰብለን ይዘኸኝ ልትሄድ! ሱቁ ይዘጋ! ስወልድ እንኳ ቅዳሜ ሱቁን ያልዘጋህ ሰው! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ማማ ሊንዲዌ ናት ያነሳችኝ። ዕድሜህን ሙሉ ስትስት ኖረህ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብታገኘው እኔ ቀማሁህ። ልትሄድላት የተነሳኸውን አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ አደረግኩህ። ልጅህም በሰው ፊት ሳተ አለችህ። ያንን መመለስ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለመመለስ ደግሞ ያ የስልኳ ላይ ቃል ያንተ እንዳልሆነ መንገር አለብኝ። በእጇ የቀረውን አንድ ነገር መንጠቅ ነው። እኔንም ዳግመኛ ላታምነኝ ትችላለች።

ነገርኳት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሆነን። አልጮኸችም። ጎበዝ በረኛዬ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔ ያን ቀን ሳቅኩ፣ አባቴ ሞቶ አራት ቀን ሙሉ እየሳቅኩ ኳስ ተጫወትኩ፣ ማን ነው ይሄን የፈቀደላችሁ አለች። ወጉ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደብተሩን ላሳያት ስል ጥላኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ስደውል አታነሳም፣ ስጽፍላት አንብባ ዝም ትላለች። ባልም ልጅም አጥቼ ያን ትልቅ ቤት ብቻዬን ስጠርገው ነበር።

የደርባኑ የመጀመሪያ ጨዋታ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ነይ አላለችኝም። ዓርብ ጠዋት የሱቁን በር አውርጄ ቆለፍኩትና በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሰዓቱን አልቀየረም፤ እሱንም አግኝተኸዋል። ደርባን አንድ ርካሽ ማደሪያ አድሬ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ።

ቡድኑ ሲገባ ተደበቅኩ መሰለኝ፤ ያስጠላኋት እንደሆነ ብዬ ፈራሁ። በኋላ ግን ከተቃራኒው ቡድን አንዷ ኳሱን ይዛ ብቻዋን ወደ ጎሉ መጣች፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ውጪ በረኛዬ፣ ውጪ፣ ብዬ ጮህኩ። ቤቲ ግን ቀድማ ወጥታ ኳሱን አቅፋዋለች። እንዳንተው ዘግይቻለሁ። ኳሱን እንዳቀፈች ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ኳሱን ሳትመታ ብዙ ቆየች፤ ዳኛው ፊሽካ ነፋባት።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አጥሩ መጣች። ደብተሩን ከፍቼ በሽቦው በኩል ሰጠኋት። አማርኛ ማንበብ እንደማይሆንላት ታውቃለህ፤ ጓንቷን አውልቃ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየነካች አነበበች። ደርባን የሚለውን አወቀችው። አውቶቡስ የሚለውንም አወቀችው። ሱቁ ይዘጋ የሚለው ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ግንባሯን ሽቦው ላይ አሳረፈች። አጥሩ በመሐላችን ነበር፤ ጣቶቿን በሽቦው ያዝኳቸው። አባዬ አገኘው አለች። አገኘው የኔ ልጅ አልኳት።

ይቅር አላለችኝም ሽሜ፤ አልዋሽህም፣ ውሸት በቅቶኛል። ከእንግዲህ የደረሰውን ሁሉ በደረሰበት ሰዓት ትነግሪኛለሽ፣ የሚሞተው እኔም ብሆን፣ አንቺም ብትሆኚ አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ትናንት ደግሞ መልእክት ላከችልኝ፤ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጨዋታ አለን ትላለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። አጥሩ ሥር ሳለን ፎቶ አንስታው፣ የስልኳ ፊት ላይ አሁን ያለው የደብተርህ ገጽ ነው።

ለአንተም የምገባልህ ቃል አለኝ። ሰው ስለ ግምትህ አንስቶ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ ሰማያዊው ብርድ ልብስ እውነት ነው፣ በሻማ የፈሰክነውም እውነት ነው። ሲጨርሱ ግን ደብተርህን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሽመልስ እስከ መጨረሻው ሳተ የሚል ሰው ፊቴ አይቆምም። ደርባን ነው አልክ፣ ደርባን ሆነ። ሰብለም ትምጣ አልክ፣ መጣሁ። ሱቁም ተዘግቶ ነበር።

ሰብለ