በሦስተኛው መስኮት አበባ ስለመቅናቴ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎም ውሃ የማይጠፋበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ መሥሪያ ቤትዎ ያጣውን የሕዝብ እምነት ለመመለስ ስላካሄዱት ማሻሻያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሠራተኞችዎ መንገዱን ሲቆፍሩ የእናቴን ቤት ቱቦ በስህተት ቆርጠው፣ ጉድጓዱን ግን በጥንቃቄ ደፍነው ከሄዱ ወዲህ ቤተኛዎ ሆኛለሁ።

አንደኛ፣ በማሻሻያው ምክንያት ሦስተኛው መስኮት ላይ ስለተቀመጠችው አበባ ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ ጠዋት ሲገቡ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ቅጠሏን በጨርቅ ይወለውሉላታል፣ ውሃ ያጠጧታል፣ ፀሐይ እንዳይበረታባት መጋረጃውን ይስቡላታል። አንድም ቀን ነገ ተመለሺ ብለዋት አያውቁም። በዚህ ዕድሜዬ በአበባ ትቀናለህ ቢሉኝ እስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ገና ከበሩ ሳያት ቅናት ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ያላት እናቴ ጀሪካን ይዛ የጎረቤት በር ማንኳኳት ስለሚያሳፍራት ልብሷን ሳታጥብ መሰንበት ጀምራለች። በንጽሕናዋ የምትታወቅ ሴት አሁን ሰው ሲመጣባት ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ይህንን ለመስኮቱ ሠራተኛ ስነግራቸው በአዲሱ ትሕትና ፈገግ ብለው በትዕግሥት እንድጠብቅ መከሩኝ። ድሮ ይቆጡኝ ስለነበር፣ መሻሻሉን አልክድም።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም። በቅርቡ እናቴን ደግፌ ስመጣ ሠራተኞችዎ በሙሉ ደንበኛን ስለማክበር ሊሠለጥኑ ሄደው አዳራሹ ጭር ብሎ ነበር። ዘበኛው አዲሶቹ ወንበሮች ላይ እንድናርፍ ፈቀዱልን። ወንበሮቹ በእርግጥ ይመቻሉ።

የአበባዋን ቦታ ባይሆን እንኳ ተራዋን ለአንድ ማለዳ እንዲያውሱኝ ደጅ የምጠና፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይደበቅ ቅናት ጋር፣
ከገበያው ጀርባ ያለሁት ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ሠራተኞችዎ ከሥልጠና ሲመለሱ አበባቸው ሳትደርቅ ስለቆየቻቸው ተገርመው ይሆናል። ጠውልጋ ያየቻት እናቴ ናት፤ ከጎረቤት ለምና ለመንገዷ በኮዳ የያዘችውን ውሃ አንድም ጠብታ ሳታስቀር አጠጣቻት። እኔ ተናድጄ ምነው ስላት፣ «ተዋት ልጄ፣ እሷ ምን አጠፋች? እሷም እንደኛ እነሱን እየጠበቀች ነው» አለችኝ።