የአይቪንድን ዘመዶች ፈልገው ላጡት ክቡር አስተዳዳሪ

ለክቡር የሄልዳል ደብር መካነ መቃብር አስተዳዳሪ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው? ዕድሜዎን ያርዝመው የምለው ከልቤ ነው። እርስዎ ለሟች የሚፈቅዱት ሃያ ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላም ዘመድ ቀርቦ ካላሳደሰ ድንጋዩ ተነቅሎ ሣር ስለሚዘራበት፣ ከአፈር በላይ ያለውን ጊዜ ማስረዘሙ ለማንም ይበጃል ብዬ ነው።

እኔ ቱርጉን ብሩላንድ እባላለሁ፤ በተራሮቹ መካከል ከገባው የባሕር ክንድ፣ ከፊዮርዱ ማዶ ፍየል አረባለሁ። ስሜን ከደብዳቤዎቼ ብዛት ሳያውቁት አይቀሩም። ፊቴን ግን አያውቁትም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ዛሬ በጋዜጣ ብመጣብዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ጋዜጣ ስብሰባ ውስጥም ይገባል ሲሉ ሰምቼ ነው።

ጉዳዩ እናቴን ይመለከታል። እናቴ ኦስነ በአራት ዓመቷ አባቷን ያጣች ሴት ናት። ነበረች ልበል እንጂ፤ ገና አልለመደልኝም። አባቷ አይቪንድ በመከር ዝናብ ከተራራው የወረደ ናዳ ገደለው። አያቴ በዓመቱ የብሩላንዱን አንፊንን አገባችና ልጇን ይዛ ፊዮርዱን ተሻገረች። አንፊን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የፊተኛው ባል ስም በገበታ ላይ ሲነሳ ማንኪያውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ሰውየው እራቱን ይጨርስ ተብሎ ስሙ ከቤት ጠፋ። ኦስነም አባቷ የት እንደ ተቀበረ ሳይነገራት አደገች፤ አያቴም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሄደች።

እናቴ ዘጠና ዓመት ሲሞላት፣ በአረጋውያን ቤቱ አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ያዘችና፣ “ቱርጉኔ፣ እኔ እንግዲህ መሄጃዬ ነው። የሚቆጨኝ ነገር የለም። አባዬን ብቻ ፈልጊልኝና አጠገቡ አስተኚኝ” አለችኝ። የዘጠና ዓመት አሮጊት “አባዬ” ስትል ሰምተው ያውቃሉ፣ ክቡር ሆይ? እኔ ሰማሁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስላደረጉልኝ ሁሉ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማቀርበውን ምስጋና እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። “አይቪንድ ሆለን የሚባል ሟች በመካነ መቃብራችን የለም” ብለው በአንድ መስመር ገላገሉኝ። እናቴ የተወለደችው ሆለን በምትባል ጭሰኛ ጎጆ ስለሆነ አባቷን የምታውቀው በዚያ ስም ነበር፤ እኔም በዚያው ስም ጠየቅሁ። በዚህ አገር ሰው ስሙን የሚያገኘው ከሚኖርበት እርሻ እንደሆነ፣ እርሻ የለወጠ ስሙንም እንደሚለውጥ፣ በአንድ እርሻ ተወልዶ በሌላው አግብቶ በሦስተኛው የሞተ ሰው ሦስት ስም ይዞ እንደሚቀበር የማያውቅ የለም። ፍየሎቼም ሳያውቁ አይቀሩም። እርስዎም ያውቃሉ፤ ግን “ሌላ ቦታ ኖሮ ይሆን?” ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። የእርስዎ ጊዜ ደግሞ ውድ ነው፤ የእናቴ ጊዜ ግን እንደሚያውቁት ብዙ ነበረ፤ ዘጠና ዓመቷ ነዋ።

፪ኛ፦ ክረምቱን ከሞቱ ቄሶች ጋር እንዳሳልፍ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። በረዶው በሩን ሲዘጋብኝ፣ የድሮዎቹ የደብር መዝገቦች በኮምፒውተር ስለሚታዩ፣ ያንን እንደ እሾህ አጥር የተጠላለፈ የጥንት ጽሕፈት ፊደል በፊደል ተማርኩት። ወይ ጉድ! እነዚያ ቄሶች በላባ ብዕር ያልጻፉት ነገር አለ? ማን ተወለደ፣ ማን ክርስትና አነሣው፣ ማን የፈንጣጣ ክትባት ተከተበ፣ የትኛው ጎረምሳ ትምህርተ ሃይማኖቱን አጥንቶ መጣ፣ የትኛው ደግሞ “ሰነፍ ነው፣ ጠባዩ ግን መልካም” ተባለ። ይህ ሰነፍ የአይቪንድ አያት ነው፤ ደስ አለኝ፣ ለካ ስንፍናዬን ከሜዳ አላመጣሁትም። የቅድመ አያቱ እናት ሦስት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ቀብራለች፤ ቄሱ የሦስተኛውን ስም ሲጽፍ ቀለሙ ፈሶበታል። ያንን ገጽ ለብዙ ጊዜ መግለጥ አቃተኝ።

አይቪንድን ሲጠመቅ አገኘሁት፤ ሃውግ በሚባል እርሻ የተወለደ የቶርስታይን ልጅ፣ አይቪንድ ሃውግ። እናቴን ክርስትና ሲያስነሣም አገኘሁት፤ ያን ጊዜ አይቪንድ ሆለን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ውኃ በላው። ሃውግ ብል የለም፣ ሆለን ብል የለም። በመጨረሻ ስሙን ተውኩትና የሟቾቹን መዝገብ በልደት ቀን መፈለግ ጀመርኩ፤ ሰው እርሻውን ይለውጣል እንጂ የተወለደበትን ቀን አይለውጥም። ተገኘ። በሞተበት ዓመት ጸደይ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ለጉልበት ሥራ ኦይጋርድ ወደሚባል እርሻ ገብቶ ኖሯል። እዚያ የኖረው አንድ በጋ ነው። አንድ በጋ! ቄሱ ግን እንደ ደንቡ ጻፈው፤ “አይቪንድ ኦይጋርድ፣ ናዳ የገደለው፣ በሰሜኑ ግንብ ሥር።” የኦይጋርድ ባለቤትም፣ እግዜር ነፍሱን ይማረውና፣ ለሞተበት ሠራተኛው ድንጋይ አቆመለትና ያንኑ ስም አስቀረጸበት።

፫ኛ፦ ኦይጋርድን አውቀዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። ድንጋዩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አንፊን የሞተ ጊዜ አያቴ የብሩላንዶችን የመቃብር ቦታ የመረጠችው በሰሜኑ ግንብ ሥር ነበር፤ ፀሐይ የማይደርስበት፣ በረዶው እስከ ግንቦት የማይለቅበት ቦታ። ሰው ሁሉ “ምነው፣ ደቡብ በኩል ሞልቶ?” ሲል እሷ ዝም። በኋላ እሷም ከአንፊን ጎን ተቀበረች፤ በሌላው ጎኗ ደግሞ ይህ የኦይጋርድ ድንጋይ አለ። በየገና ዋዜማው ደወሉ ሲደወል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በበረዶው ላይ ሻማ ልናበራላቸው እንሄዳለን። እናቴ ለእናቷ አንድ፣ ለአንፊን አንድ ታበራና ወደ ጎን ዞር ብላ፣ “ለዚያ ለብቸኛው ሰውዬም የተረፈችውን ጣል አርጊለት፤ ማንም የለውም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው” ትለኛለች። በየዓመቱ። እኔም እንደ ሌላው ልጅ እያጉረመረምኩ፣ ብርዱ እጄን እየቆረጠው፣ ገንፎው ቤት እየጠበቀኝ፣ ቁራጯን ሻማ በድንጋዩ ሥር እተክላለሁ።

አባቷ ነበር።

ስንተኛ ላይ ነበርን? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። አዎ፣ ስለ ምልክቱ ሰሌዳ ደግሞ ማመስገን አለብኝ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት አስተዳዳሪ ሰነፍ ስለነበሩ ድንጋዩን ረስተውት ኖረ፤ እርስዎ ግን ትጉህ ነዎትና ገና በመጡ በዓመቱ “የዚህ መቃብር ዘመዶች ቢሮውን ያነጋግሩ” የሚል ሰሌዳ ተከሉበት። እናቴ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና አነበበችው። “ምስኪን፣ ማን ያነጋግርለት?” አለችና ከንፈሯን መጠጠች። እርስዎም በበኩልዎ ዘመድ ፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። ኦይጋርድ ደውለው ጠየቁ። እዚያ ያሉት ሰዎች እርሻውን በቅርቡ የገዙ ባልና ሚስት ናቸው፤ “የእኛ አይደለም” አሉ፤ አልዋሹም። በዚህም ፍለጋው ተጠናቀቀ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እርስዎ አመዱን ጠይቀው አህያው የለም ብለው ፋይሉን ዘጉት። እኔ ፍየሎቼን የማውቃቸው በሚያድሩበት በረት ሳይሆን በእናታቸው ነው፤ ግን እርስዎን ፍየል አርቢ ልምከርዎ እንዴ?

ስለ ሣሩም አመሰግናለሁ። ድንጋዩን ነቅለው የዘሩበት ሣር ቆንጆ ነው፣ አንድ ወጥ ነው፣ አረም የለውም። ባለፈው ገና ዋዜማ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዞር አለችና፣ “እንዴ! ሰውዬው የት ሄደ?” አለች። “በሉ ቢሆንም አብሩለት፣ ጨለማ ውስጥ አይቅር” አለች፤ ሻማዋን በረዶው ላይ ተከልኩላት። ያን ጊዜ ማን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም። መዝገቡ ላይ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ በየካቲት ነው።

ስነግራት ምን አለች መሰልዎ? እኔስ ታለቅሳለች ብዬ መሃረብ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሳቀች። “እና ይኼን ሁሉ ዘመን አባቴን በትርፍራፊ ሻማ ነው የሸኘሁት? አይ አባዬ! አንድ ቀን እንኳ ‘እኔ ነኝ’ አይልም?” አለችና ቀጥላ፣ “ለካ እናቴ ያንን ብርዳም ቦታ የመረጠችው ወድዳ ነው። አንፊንም ማንኪያውን ሊያስቀምጥ አልቻለ!” ብላ እስክታስላት ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “ዓይኑን እንኳ አላስታውሰውም፣ ቱርጉን” አለች። እኔ ነኝ በመሃረቡ የተጠቀምኩት።

በማግስቱ እዚያው ሣር ሥር፣ አባቷ ባለበት አፈር እንድትቀበር አመለከትኩ። የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ የእሷን ክርስትናና የቀብሩን ገጽ አያይዤ ነበር። እርስዎም “የአመልካችዋ ስም ብሩላንድ፣ የሟቹ ስም ኦይጋርድ በመሆኑ ዝምድናው ግልጽ አይደለም፤ ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ በሚሰበሰበው ኮሚቴ ይታያል” ብለው ጻፉልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። “ከፋሲካ በኋላ? ንገሪያቸው፣ እጠብቃለሁ” አለች። ሙክክ ያለ ገንፎ አምጪልኝ፣ ጉልበት ያስፈልገኛል ብላም በቅቤና በቀረፋ በላች። ለኮሚቴ ብላ መኖር የጀመረች ብቸኛዋ ሰው እሷ ትመስለኛለች።

አልደረሰችም። ሆሳዕና ሰንበት ጠዋት አረፈች። እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምልልዎ ሞታብኛለች፤ ግን ይመኑኝ፣ በመጨረሻው ቀን የጠየቀችኝ “ሰዎቹ ተሰበሰቡ ወይ?” ብላ ነው። ቀብሩ እንዲቆይልኝ ለመንኩ፤ ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ፤ በብሩላንዶች ቦታ ክፍት በነበረው፣ ከአንፊን ወዲያ ማዶ ተቀበረች። በእሷና በአባቷ መካከል አሁንም አንፊን አለ። የሐዘን መግለጫዎ ላይ “ቤተሰብ አንድ ላይ ማረፉ ያጽናናል” ብለዋል፤ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት፣ መጽናናቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት በሌላ እርሻ ስም ተመዝግቦ ይሆናል።

የመጨረሻውና ትልቁ ምስጋናዬ፦ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ስለ ደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ መዝገቦቹን መርምሮ፣ ዝምድናውን አምኖ፣ “ኦስነ ብሩላንድ በአባታቸው በአይቪንድ መቃብር እንዲያርፉ ተፈቅዷል፤ ፈቃዱ ለባለጉዳይዋ ይነገር” ይላል። ታዛዥ ነኝና ሄጄ ነገርኳት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። “እማዬ፣ ተፈቅዷል” አልኳት፤ እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። የተቀበረ ሰው ለማዛወር ግን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ፋሲካ እንደሚያስፈልግ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች። እናቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ መቅበር አልችልም፣ ክቡር ሆይ። አቅሙ የለኝም።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለሣርዎ ልምላሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በእርሻዋ ብሩላንድ፣ በደሟ የአይቪንድ የልጅ ልጅ፣
ታዛዥዎ ቱርጉን

ግልባጭ፦
ሃያ ዓመት ላልሞላቸው የሰሜኑ ግንብ ነዋሪዎች በሙሉ።

ማስታወሻ፦ የአይቪንድን ድንጋይ አገኘሁት። ከመሣሪያ ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ጽሑፉ ወደ ታች ተደርጎ፣ እግር መርገጫ ሆኖ ነበር። ትናንት በራስዎ የእጅ ጋሪ ገፍቼ ወሰድኩትና በእናቴ ራስጌ አቆምኩት፤ ጋሪውን አጥቤ መልሻለሁ። በስሙ ፊት አንድ ሙሉ ሻማ አብርቻለሁ፣ ትርፍራፊ አይደለም። ስለ ስርቆቱ ለፖሊስ ለማመልከት ካሰቡ፣ እባክዎ ሌባዋን እርስዎ ራስዎ ይፈልጓት፤ ኦይጋርድ ይደውሉ፣ የእኛ አይደለችም ይሉዎታል፣ ፋይሉንም እንደ ልማድዎ ይዘጉታል።