ስለ ፋናዬ ቀሚስ፣ መቀነትና ኮንጎ ጫማ

ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.
ዋርካ በር ከተማ

ለክቡር አቶ ስሜነህ
የገጠር ሴቶች ገጽታ ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ጽናት ጎንበስ ብዬ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ የኅዳር ውርጭ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን የጓሮ ጎመን ሁሉ ጠብሶ ጨርሶታልና፣ ክቡርነትዎ በሸሚዝ ላይ ሹራብ፣ በሹራብ ላይ ኮት፣ በኮት ላይ ካፖርት ደርበው ከመኪና ሲወርዱ ባየሁ ቁጥር፣ ተመስገን፣ በዚህ ወረዳ ቢያንስ አንድ ሰው አልበረደውም እላለሁ። ጉዳዬን በሦስት ማመልከቻ ለመዝገብ ቤትዎ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በዚያ ሲያልፉ ከመኪናዎ ሳይወርዱ እንዲያነቡትም ፊደሉን አጉልቼዋለሁ።

ለእንግዳ አንባቢ ሲባል ነገሩን ከሥሩ ላንሣ። ፋናዬ በሥጋ የተወለደች ሰው አይደለችም፤ በቀለም የተወለደች ናት። ከአምስት ዓመት በፊት በከተማችን ሒሳብ ታስተምር የነበረች አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ታፔላ ሠዓሊ መሆኔን ታውቅ ነበርና፣ ታሪክ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ የተሣለበት መጽሐፍ ሰጥታኝ ሄደች። ማንጋ ይሉታል። ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል፤ በመሥሪያ ቤትዎ ውጤቱ አስቀድሞ ተጽፎ ሥራው በኋላ የሚፈለግለትን ሪፖርት ለለመድነው ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በዚያ መንገድ ፋናዬን ሣልኳት፦ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ሊነጥቅ ከመጣ የባሏ ወንድም፣ ከዋርሳዋ ጋር የምትሟገት፣ የይዞታ ደብተሯን በመቀነቷ ቋጥራ በሬዎቿን ራሷ ጠምዳ የምታርስ፣ ምላሰ ስል ሴት። በየቅዳሜው አንድ ገጽ በአጥሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ ማንበብ የሚችል ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ፋናዬ ለዋርሳዋ መልስ ስትሰጥ ገበያተኛዋ ሁሉ ቅርጫቷን አስቀምጣ "እሰይ! በይው!" ትላለች።

መልኳን የተዋስኩት ከወይዘሮ ሀብትነሽ ነው። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከከተማው በታች ያሉ በርበሬ አምራች ናቸው፤ እርሳቸውም ባላቸው ሞቶባቸው በገዛ እጃቸው ያደሩ ናቸው። ልሥልዎት ብዬ ስጠይቃቸው "ምነዋ፣ በሬ ስትዋስ ዋስ ትጠራለህ፣ መልክ ስትዋስ እንዲያው በባዶ እጅህ?" አሉኝ። ስለዚህ አያ ወልደ ሥላሴን፣ በአገሩ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ፣ ዋስ ጠራሁ። ውሉ አጭር ነበር፦ ፋናዬ ትራብ፣ ትጣላ፣ ትሸነፍም፤ ልብሷ ግን ከላይዋ አይወርድም። አያ ወልደ ሥላሴ "በዚህ ሽበቴ" ብለው ዋስ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ክቡርነትዎ መጡ።

አንደኛ፦ ክቡርነትዎ ፋናዬን ከወረቀት አንሥተው፣ ከደምበጫ ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ ፍጥነቱን በሚቀንስበት መታጠፊያ ላይ፣ አራት ሜትር በሚረዝም ቆርቆሮ እንድሥላት ሲያዝዙኝ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤትዎም ስም ከአናቷ በላይ፣ ከፊቷ በሚበልጥ ፊደል ተጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ግን እርዳታ የሚሰጡ ጎብኚዎች ሊመጡ መሆናቸውን፣ የሴትዮዋም ድህነት በደንብ እንደማይታይ አስረድተው እጅጌዋን እንድቀድ አዘዙኝ። እኔም ቀደድኩት። ይህን አልደብቅም፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ የከፈተው የእኔ ብሩሽ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚሰደበው ሰው ሁለት ነው።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች እጅጌዋን አይተው አዝነው ስለሄዱ፣ ለሁለተኛዎቹ ኮንጎ ጫማዋ እንዲወልቅ፣ ለሦስተኛዎቹ ሻሿና ነጠላዋ እንዲነሣ አዘዙ። አሻፈረኝ ባልኩ ጊዜ በግምገማ ላይ "የጎብኚን ፍላጎት ያልተረዳ፣ የአመለካከት ችግር ያለበት" ተባልኩና ሌላ ሠዓሊ ከሩቅ አስመጡ። ሰውዬው ታዛዥ ነው፤ ጫማዋን፣ ሻሿንና ነጠላዋን አወለቀ፣ መቀነቷን ፈታው፣ ቀሚሷንም እስከ ወገቧ አወረደው። ማተቧን ግን ትቶላታል፤ ጎብኚው ራቁቷን የቆመችው የየትኛው አገር ሴት እንደሆነች እንዳይሳሳት ይሆናል። ቀድሞ ዕርፍ የጨበጠው እጇ ዛሬ ተዘርግቶ ይለምናል። ለመሆኑ የይዞታ ደብተሯ የት እንደገባ ጠይቀው ያውቃሉ? የተቋጠረበት መቀነት ከሌለ መሬቷም የለ! ዋርሳዋ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ታግሎ ያልቻለውን ክቡርነትዎ በአንድ ባልዲ ቀለም ፈጸሙለት፤ እርሱም ሥዕል ባይሆን ኖሮ መጥቶ ያመሰግንዎት ነበር።

ሦስተኛ፦ ለሚሊኒየሙ በዓል ደግሞ ፋናዬን በአንድ ቀን ጥልፍ ቀሚስ አለበሷት፤ ወርቅ አንጠለጠሉላት፤ አሥቀዋት ጥርሷን ወተት አስመሰሉት። ከሥሯ ቆመውም ፎቶ ተነሡ፤ በፎቶው ላይ ያለበሷት ባል ይመስላሉ። በዓሉ አልፎ የጎብኚ ወራት ሲመለስ ጥልፉ ተፋቀ፤ ወርቁም ወረደ፤ ሣቋም ተሰበሰበ። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ውስጥ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ራቁቷ "ከፕሮጀክቱ በፊት"፣ ጥልፏ "ከፕሮጀክቱ በኋላ" ይላሉ። ሊለምኑባት ሲሹ ያራቁቷታል፤ ሊመሰገኑባት ሲሹ ያለብሷታል። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ስለእርሷ ብለው አላደረጉትም። በአንዲት ሴት ገላ ላይ የዓመቱን ዕቅድ መፈጸም ቀላል የማስፈጸም አቅም አይደለምና፣ ሽልማት ቢሰጥዎም ሲያንስዎት ነው።

አራተኛ፦ ቀለም አይበርደውም፣ ሥዕልም አያፍርም ይሉ ይሆናል። እውነትዎን ነው። መልኩ ግን ባለቤት አለው። ወይዘሮ ሀብትነሽ የበርበሬ ጆንያቸውን አስጭነው በዚያ መታጠፊያ ሲያልፉ፣ የአውቶቡስ ረዳቶች በመስኮት ብቅ እያሉ "ፋናዬ፣ ዛሬስ ለብሰሽ መጣሽ? ጎብኚ ቀረ እንዴ?" ይሏቸው ጀመር። አንዱማ ነጠላውን አውልቆ "እንቺ በይ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" ብሎ ወረወረላቸው፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሣቀ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቅዳሜ ገበያ አልወጡም። በርበሬያቸውን ጎረቤት ይሸጥላቸዋል። የመስቀል ዕለት ደመራ ላይ አልታዩም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄዱ አስፋልቱን ትተው በወንዙ ዞረው ነው፤ ያም በጭቃው ሁለት ጊዜ ጥሏቸዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ በራቸውን አልከፈቱልኝም፤ ከውስጥ ሆነው "ደግሞ ምን ልታወልቅ መጣህ?" አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አምስተኛ፦ ስድስት ገበያተኞች ነጠላ ለነጠላ ሰፍተው፣ መሰላል ተውሰው ወጥተው ፋናዬን አለበሷት። እንዲህ ያለውን የሕዝብ ተሳትፎ በስብሰባ ሁሉ ሲጠሩት ኖረዋልና ደስ ይልዎታል ብለን ነበር። በማግሥቱ ዘበኛዎ አውርዶ ወሰደው። ለእኔም "በመንግሥት ንብረት ላይ ያልተፈቀደ ልብስ በመጫን ተባባሪ ሆነሃል፤ ወደፊት ታፔላውን ብትነካ በሕግ ትጠየቃለህ" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ነጠላዎቹ እስከ ዛሬ በኤግዚቢትነት በመጋዘንዎ ተቆልፈዋል፤ ስድስቱ ሴቶችም ቅዳሴ በጋቢ ያስቀድሳሉ።

ስድስተኛና ሰባተኛም ነበሩኝ፤ ነገር ግን አያ ወልደ ሥላሴ ዱላቸውን ይዘው ከደጄ ቆመዋልና አሳጥራለሁ። እርሳቸው ስብሰባ የላቸውም። "ልጄ፣ ዋስ አድርገኸኛል፤ ያቺ ሴት ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ወይ ፋናዬን አልብሳት፣ ወይ ከዋስነቴ አውጣኝ፤ በዚህ ሽበቴ ውሸታም ሆኜ አልሞትም" ይላሉ። ማልበስ በደብዳቤ ተከልክያለሁ። ከዋስነት ማውጣትም የምችለው ወይዘሮ ሀብትነሽ ራሳቸው ሲፈቅዱ ነው፤ እርሳቸውም በር አይከፍቱልኝም።

ደብዳቤዎን ግን ደጋግሜ ባነብበው አንድ መልካም ነገር አገኘሁበት። ሥዕልን ማልበስ ያስጠይቃል እንጂ ማራቆት ያስጠይቃል የሚል ቃል የለበትም፤ እንዲያውም የጽሕፈት ቤትዎ መደበኛ ሥራ ነው። ስለዚህ መመሪያዎን አክብሬ አዲስ ታሪክ ጀምሬአለሁ። የታሪኩ ሰው ስም የለውም። ካፖርት ለብሷል፤ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ሞባይሉን በቀበቶው አንጠልጥሏል፤ ሲናገር አንድ ጣቱን ያነሣል። ማንንም አልጠቀስኩም፤ ገበያተኛው ግን ገና የመጀመሪያውን ሣጥን ሲያይ የክቡርነትዎን ስም ጠራ፤ ሕዝብ እንዲህ ካወቀዎት እኔ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከረባቱ ወለቀ፤ ሰው ፈገግ አለ። በሁለተኛው ካፖርቱ ወረደ፤ ከቡሬ ሊገበያይ የመጣ ሰው ሳይቀር ቆሞ አነበበ። በመጪው ቅዳሜ ተራው የኮቱ ነው። ከዚያ ሹራቡ፣ ከዚያ ሸሚዙ፣ ከዚያ ካናቴራው፣ ከዚያም ቀበቶው ከነሞባይሉ። አልቸኩልም፤ ፋናዬንም ያራቆቷት በዙር በዙር ነው። በየሣጥኑ ሥር "ከስብሰባው በፊት"፣ "ከስብሰባው በኋላ" ብዬ እጽፋለሁ፤ አጻጻፉን ከሪፖርትዎ ስለወሰድኩ ምስጋና ይገባዎታል። የአውቶቡስ ረዳቶቹንም አነጋግሬአለሁ፤ የእርስዎ መኪና በመታጠፊያው ሲያልፍ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ይለማመዳሉ። ብርድ እንዳይመታዎ የሚወረውሩት ነጠላ እንዳይጎድልም አደራ ብያቸዋለሁ።

ታሪኩን ማቆም የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያስመጡት ሠዓሊ ይመለስ፤ ቀሚሷን ያልብሳት፤ ነጠላዋን፣ ሻሿን፣ ኮንጎ ጫማዋን ይመልስላት፤ ደብተሯን ከመቀነቷ ይቋጥርላት፤ እጇንም ወደ ዕርፉ ይመልሰው። የተቀደደውን እጅጌ እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ፤ ዕዳው የእኔ ነውና። ከዚያም ክቡርነትዎ በእግርዎ ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ደጅ ወርደው፣ በአያ ወልደ ሥላሴ ፊት፣ ታፔላው መልበሱን ይንገሯቸው፤ እርሳቸውም ገበያ ይውጡ። የፋናዬ መቀነት በታሰረ ዕለት የዚያም ሰውዬ ቀበቶ ይታሰራል። ካልሆነ ግን የልብስዎ ቁጥር ታውቋል፤ የቅዳሜም ቁጥር አያልቅም።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለካፖርትዎ የማያልቅ ሱፍን፣ ለዓይንዎም አጥር ላይ የተለጠፈን የማንበብ ብርታትን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ከብሩሼ በላይ ሆኜ የምሰግድልዎ፣

ክንዱ ወልደ ገብርኤል
ታፔላ ሠዓሊ፣ ባለ አመለካከት ችግር

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሀብትነሽ ስለ አዲሱ ታሪክ ሰምተው በአያ ወልደ ሥላሴ በኩል ልከውብኛል። "ሰውዬው ሚስትና ልጆች አሉት፤ እኔ ያየሁትን እነርሱ አይዩት፤ ቢያንስ ሱሪውን ተውለት" ይላሉ። ያራቆቷቸው ሴት ስለ ሱሪዎ አማላጅ ሲሆኑ ክቡርነትዎ ምን እንደሚሰማዎት አላውቅም። እኔ ግን ለእርሳቸው ስለ ልብስ አንድ ጊዜ ቃል ሰጥቼ አፍርሻለሁና፣ በሱሪዎ ጉዳይ ሁለተኛ ቃል አልገባሁላቸውም።