ጣሪያ የሌለው መኪና

ልጄ፣ መንገዱን ሁሉ ሜዳ ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበትም ተሽሎታል። እኔ ግን ፎቶህ ከመጣ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። ቱሪስቶቹን በዚያ ተራራማ ደሴት የምታዞርበት መኪና ጣሪያ እንደሌለው መች ነገርከኝ? አክስትህ «እንደ ልብ እንዲያዩ ነው እኮ» ትለኛለች። እሷ ምን አለባት፣ ልጇ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው።

ጥፋቱ የኔው ነው። ከኋላህ የተቀመጡት ቱሪስቶች የሚያነሱትን የጀርባህን ፎቶ ብቻ ስትልክልኝ፣ ፊትህ ናፈቀኝ፣ አንዴ ዙርልኝ ብዬ ነዘነዝኩህ። ይኸው በአሁኑ ፎቶ ከጎንህ ገደል ነው፣ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ይሄዳል፣ አንተ መሪውን እንደያዝክ ወደ ኋላ ዞረህ ትስቅልኛለህ።

ዓይንህን ያብራልኝ፣ እጅህን ያጽናልኝ። ፈገግታህን ጠግቤዋለሁ። እባክህ ልጄ፣ ከእንግዲህ ጀርባህን ላክልኝ።