ብራንዲ በሶዳ፣ ሜቪስ እንዳሳየችኝ

ከዊትቢ፣ በኅዳር ወር

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የሊድስ ጭስ ደረትሽን ሲያፍነው ይታየኛል፤ እዚህ ባሕሩ ሲጮኽ ባደረ ቁጥር፣ ምነው ከዚህ ነፋስ ጥቂት በፖስታ በላክሁላት እላለሁ። ባልሽስ ደህና ነው? ዶሮዎቹስ ከዚያ ቀበሮ ተረፉ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው፣ በአካል ደህና ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ድመቷም አርጅታለች፤ ከዚህ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭር ነበር፤ ስትቆጪ ሁልጊዜ አጭር ነሽ። የአጥር ጎረቤቴ ሚስስ ግሪምሾው የጻፈችልሽ እውነት ነው። ሳሎኔ ውስጥ፣ የእናታችን ትልቁ የሸክላ ሳህን ካለበት ጎን፣ አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ቆሟል። አጠገቡም መጫኛውን ሲጫኑት የሚረጭ የሶዳ ጠርሙስ አለ። ልጆች ሳለን ነጭ ቀሚስ ለብሰን፣ በጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት፣ እስክንሞት አልኮል በአፋችን እንዳይዞር ቃል መግባታችንን አልረሳሁም። ብራንዲው እዚያ እስካለ ድረስ ደጄን እንደማትረግጪ ነግረሽኛል። ይሁን። ግን ነገሩን ከሚስስ ግሪምሾው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ ከዚያ በኋላ ፍረጂ።

ባለቤቴ በፋሲካ ሰሞን እንደወደቀ ታውቂያለሽ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ዕድሜ ልኩን የሰው ፒያኖ ሲቃኝ የኖረ እጅ ማንኪያ ማንሳት አቃተው። አልጋውን ወደ ሳሎን አወረድነውና ከፒያኖው አጠገብ አነጠፍንለት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ያያል። ምን ላምጣልህ ስለው ራሱን ይነቀንቃል።

አንድ ቀን በሰኔ፣ ሾርባ ሳጎርሰው እጄን ገፋ አደረገና፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ "ብራንዲ በሶዳ" አለኝ። አእምሮውን ሳተ ብዬ ደነገጥኩ። አርኖልድ! በሠርጋችን ዕለት እንኳ ለጽዋ ያነሣነው የዝንጅብል ውኃ የነበረው አርኖልድ! ዶክተር ሊንትን ሲመጣ በር ላይ ይዤ በሹክሹክታ ነገርኩት። እሱ ግን ሳቀ። "ትንሽ ቢቀምስ አይጎዳውም። እንዲያውም የሚፈልገው ነገር መኖሩ ደስ ይላል፤ ይስጡት" አለኝ።

እንግዲህ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ግራ ቀኜን እያየሁ፣ ከመጠጥ መደብር ገባሁ። ሚስተር ቦልተንን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ባለ ቦርጩ። ብራንዲ ስለው ቅንድቡ ከግንባሩ ላይ ሊጠፋ ደረሰ። "ለገና ኬክ ነው፣ ሚስስ ሆልሮይድ?" ሲለኝ አዎ አልኩት። "በሰኔ?" አለኝ። "ቀደም ብዬ ነው የምጀምረው" አልኩት። የሶዳውን ጠርሙስ ሲያስረክበኝ፣ "ይህም ለኬኩ ነው?" ብሎ በደንበኞቹ ፊት አሳቀብኝ።

መሥራቱን ግን ከየት ልወቀው? መጀመሪያ በሻይ ስኒ፣ በሙቅ ውኃና በስኳር እንደ ጉንፋን መድኃኒት አድርጌ ሰጠሁት። ፊቱን አጨማደደ። በማግስቱ ሶዳውን ልጨምር ብዬ የጠርሙሱን መጫኛ በሙሉ ኃይሌ ብጫነው፣ ተፈናጥሮ መጋረጃውንም፣ እኔንም፣ የአርኖልድንም ፊት አጠበን። ያኔ ሳቀ፣ እታለም! ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔም አገጬ ላይ ሶዳ እየተንጠባጠበ አብሬው ሳቅሁ። ያችን ደቂቃ ማንም አይወስድብኝም።

ከዚያ የተረፈውን ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ አይደለም" አለ። "ሜቪስ... በረጅም ብርጭቆ።"

"ሜቪስ ማን ናት?" አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ከተጨፈነው ዓይኑ ሥር እንባ ወረደ። ሌላ መልስ አላስፈለገኝም።

ረቡዕ ረቡዕ ስካርብራ ከተማ ይሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከባሕሩ አፋፍ ላይ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ፒያኖ አለ፣ ጨዋማው አየር ክሩን ይበላዋል ይለኝ ነበር። እኔም ሳንድዊቹን ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። አንድ ፒያኖ በየሳምንቱ ከቅኝቱ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይ ፒያኖው ወይ ቃኚው ችግር አለበት ብላ ሌላ ሴት ትጠረጥር ይሆናል። እኔ አልጠረጠርኩም።

ቁጣዬን አልጽፍልሽም፤ ወረቀቱ አይችለውም። ሳህን አልሰበርኩም፤ አጠብኩ እንጂ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላዋን ጎረቤቴን ከአርኖልድ ጋር አስቀምጬ፣ እሱ በሚሄድበት ባቡር ተሳፍሬ ስካርብራ ወረድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሳጠና ነበር የሄድኩት። እንዴት ያለ ንግግር መሰለሽ! ሰባኪያችን እንኳ እንዲህ ያለ አሰናድቶ አያውቅም።

ማረፊያው አልጠፋኝም። በሩን የከፈተችልኝ ወፈር ያለች፣ ሽርጥ ያገለደመች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ውብ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። "ይቅርታ እመቤቴ፣ ክፍል ሁሉ ተይዟል" አለችኝ።

"ክፍል አልፈለግሁም። የአርኖልድ ሚስት ነኝ" አልኳት።

የበሩን መቃን ያዘች። ከንፈሯ ነጣ። "ሞተ?" አለችኝ።

ያን ሁሉ ንግግር የት እንዳደረስኩት አላውቅም። ለካ ሴትዮዋ ከፋሲካ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከመስኮት ስትቆም ኖራለች። ማን ይንገራት? ማንን ትጠይቅ? እኔ ቢያንስ ታማሚዬ በእጄ ነበር። "አልሞተም። ወድቆ ተኝቷል። ብራንዲ በሶዳ አምሮታል፤ እኔ ስሠራው አይጥመውም። እንዴት እንደሚወደው ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አልኳት።

ከደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ሽርጧን ከፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ባርኔጣዬን እንደደፋሁ፣ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ላባብላት አልፈለግሁም፣ ልተዋትም አልቻልኩም። በመጨረሻ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣችና "ይግቡ" አለችኝ። ወደ ወጥ ቤት ተከተልኳት።

ረጅም ብርጭቆ አወረደች። ብራንዲውን በሁለት ጣት ልክ ቀዳች። ከሎሚ ልጣጭ ቆንጠር አድርጋ፣ ከብርጭቆው በላይ ጠመዘዘችና ጨመረችው። ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ፣ ሶዳውን በጠርዙ በኩል በቀስታ ለቀቀችው። "መጫኛውን እንደሚያምኑት ሰው እጅ ጨበጥ ነው የሚያደርጉት፤ አይታገሉት። በረዶ አይወድም። ደግሞ አያማስሉት፤ ሶዳው ራሱ ያማስለዋል" አለችኝ።

"ይኸው ነው?" አልኳት።

"ይኸው ነው" አለች።

እታለም፣ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይኸ ነው። አንድ ትልቅ ጥበብ አያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። አንድ ሰው ዕድሜውን ለሁለት ሲከፍል፣ በወዲያኛው በኩል እኔ የማልችለው ነገር ይኖራል ብዬ። ልጅ እንኳ የሚሠራው ነገር ነው። "ሰው ለዚህ ብሎ ባቡር ይሳፈራል?" አልኳት።

ሜቪስ የብርጭቆውን ጠርዝ በሽርጧ ጠረገች። ቀጥላም፣ "ስለ እርስዎ ያወራል። እንከን የሌላት ሴት ናት ይላል። ቤት ከመግባቴ በፊት ጫማዬን ሁለቴ እጠርጋለሁ ይላል። እዚህ ሲመጣ ግን በጭቃ ጫማው ነበር የሚገባው፤ ወለሉን የምወለውል እኔ" አለችኝ። ልትሰድበኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ቢሆንም ወደ ቤት በሚመልሰኝ ባቡር ውስጥ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የመጣሁት።

ያን ዕለት ማታ ሠራሁለት። ረጅም ብርጭቆ፣ ሁለት ጣት፣ ልጣጭ፣ ሶዳ በጠርዙ። አላማሰልኩትም። ከንፈሩ ላይ አስጠጋሁለት፤ ቀመሰ። ከዚያ አየኝ። የት እንደዋልኩ አወቀ። ብርጭቆውን ሳይሆን እጄን ያዘና፣ ባልተፈታ ምላሱ "ይቅር..." ማለት ጀመረ።

"ጋዙ ሳይወጣ ጠጣ" አልኩት።

ሜቪስን በየረቡዑ እንድትመጣ የጠራኋት እኔው ነኝ። ስለ ደግነቴ እንዳታመሰግኚኝ። መጀመሪያ የጠራኋት ሁለታችንንም ባንድ ክፍል አይቶ እንዲያፍር ነበር። አፈረም። ደግሞም ደስ አለው፤ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። እሷ ጢሙን ትላጨዋለች፣ እኔ አንሶላውን እለውጣለሁ። እሷ ሎሚ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ እቀዳለሁ። ሚስስ ግሪምሾው በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "አዲሷ ነርስ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። "የድሮ ናት" አልኳት። በነሐሴ መጨረሻ አንቺ ተባብለናል።

አንድ ረቡዕ ልጇን ጁንን ይዛት መጣች። መርከበኛ ያገባች፣ ሆዷ ገፋ ያለ፣ ዓይን አፋር ወጣት ናት። እኔ ትሪውን ይዤ ስገባ ከፒያኖው አጠገብ ቆማ ነበር። ከወደቀ ወዲህ ፒያኖውን የነካው የለም። ጁን በአንድ ጣቷ አንዱን ቁልፍ ጫን አደረገች፣ አርኖልድ ሲቃኝ እንደሚያደርገው አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ ቅር ብሏት፣ "ይቺ ከቅኝቷ ወርዳለች" አለች። አርኖልድ ከአልጋው ላይ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ጨበጠ።

እኔ እኮ ያን ፒያኖ ስሰማ ኖሬ፣ የወረደውን ከወጣው ለይቼ አላውቅም። ሜቪስም መዝሙር እንኳ በቅጡ የማትይዝ ሴት ናት።

ትሪውን አስቀመጥኩና ለጁን ወንበር አመጣሁላት። እግሯ አብጦ ነበር።

በመስከረም አረፈ። ቀብሩ ላይ ስላልደረስሽ አልተቀየምኩም፤ ጉልበትሽን አውቃለሁ። የነገሩሽ ሜቪስ ከፊት ወንበር ተቀመጠች ብለው ይሆናል። አዎ፣ በሩ ሥር ቆማ አየኋትና ሄጄ እጇን ይዤ አመጣኋት። መዝሙሩ ተጀምሮ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ መዝሙሩን አቋረጠ፤ ኦርጋኑ ብቻውን ቀረ። ግን ለብቻዋ እንድታለቅስ ማድረግ አልሆነልኝም። እንዴት እንደሚያለቅሱለት ከእኔ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ለቀስተኞቹ የአሳማ ሥጋውን በልተው፣ ሻዩን ጠጥተው ከሄዱ በኋላ፣ ሁለታችን ወጥ ቤት ቀረን። ሜቪስ አንድ ብርጭቆ አወረደች። እኔ ሁለተኛውን አወረድኩ። "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ቃሌን ያፈረስኩት ያኔ ነው፣ እታለም። መብረቅ አልወረደም። ጉሮሮዬን ለበለበኝ፣ አሳለኝ፣ ቀጥሎም ደረቴ ላይ ሞቀኝ። ይህን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር የሎሚ ሽታ ነበረው። አንድ ብቻ ጠጣን። ከዚያ ስለ እሱ መጥፎ መጥፎውን እያነሣን ሳቅን። ታላቄ ነሽና አከብርሻለሁ፤ ስትቆጪ ግን ሐቅሽ ነው አልልሽም።

ስለዚህ ብራንዲውን አልደፋውም። ብትመጪ ግን ለአንቺ የዝንጅብል ውኃ አለኝ፤ ማንም ነይ ቅመሺ አይልሽም። ለገና ነይ። ሜቪስ ማረፊያዋን ለብርዱ ወራት ዘግታ እኔ ዘንድ ናት፤ ጁንም ባሏ ባሕር ላይ ስለሆነ ከእኛ ጋር ትወልዳለች። ያቺን ላይ ቤት ያለችውን ትንሽ ክፍል ታስታውሻታለሽ፤ እኔና አርኖልድ እንደተጋባን ለሚወለድልን ልጅ ብለን ቢጫ ቀብተን፣ ኋላ የዘጋናትን። ትናንት መስኮቷን ከፈትኩ። እጅሽ ለሹራብ የተባረከ ነው፤ ነጭ ክር ካለሽ፣ ለሕፃኑ ትንሽ ኮፍያ ሥሪለት።

ጁን ሕፃኑ ምን ብሎ ይጥራዎ ብላ ጠይቃኛለች። ላስብበት አልኳት። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳልጠራ ቀድሜ አቤት እንዳልል።

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ደረትሽን ከጭስ፣ ዶሮዎችሽን ከቀበሮ ይጠብቅልሽ። ብትቆጪም ጻፊልኝ፤ አጭርም ቢሆን።

በፍቅር፣
ታናሽ እህትሽ